እንዴት ይሠራል? ሣጥኑ በአንዲት ጠቅታ፣ ወይኑ በሳምንት

ሣጥን መሥራት ፈልጋችኋል እንበል። ቦርሳችሁ ውስጥ 50 እንጨት አለ። ዝርዝሩን ትከፍታላችሁ፤ የሣጥኑን ሥዕል ትነካላችሁ፤ እንጨቱ ጠፍቶ ሣጥኑ እጃችሁ ገባ። መጋዝ የለ፣ ሚስማር የለ፣ «ነገ ተመለስ» የሚል አናጢ የለ።

ስታርዲው ቫሊን የሚጫወት ሰው ይህን ሳያስበው ሲያደርገው ይውላል። ጌሙን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የከተማ ቢሮ ያሰለቸው ሰው አያቱ የተዉለትን ጠፍ እርሻ ሊያቀና ወደ ገጠር ይሄዳል። እዚያ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ መንደርተኛውን ይወዳጃል፣ ካሻውም ያገባል። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራሙንም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ዛሬ በስልክም ስለሚገኝ ታክሲ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ጎመን የሚያጠጣ ወጣት ብታዩ አይግረማችሁ።

እንግዲህ ያቺ ጠቅታ ምን ሠራች?

በጌሙ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር በጣም ተራ ነው። እያንዳንዱ የሚሠራ ዕቃ አንድ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር አለችው። የሣጥኑ መስመር «388 50» ብላ ትጀምራለች። 388 የእንጨት መለያ ቁጥር ነው፣ 50 ደግሞ ብዛቱ። ከዚያ ወረድ ብሎ የሚወጣው ዕቃ ቁጥር አለ፤ ሣጥን 130 ነው። የማዕድን ማቅለጫው ምድጃ መስመር «378 20 390 25» ይላል፤ 20 የመዳብ ማዕድንና 25 ድንጋይ ማለት ነው። ስትነኩት ማሽኑ ቦርሳችሁን ይቆጥራል፤ የተጠየቀው ካለ ይቀንሳል፤ አዲሱን ዕቃ ይጨምራል። ከሌለ ሥዕሉ ደብዝዞ ይቀራል። ይኸው ነው። የመጀመሪያ ዓመት የፕሮግራም ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊጽፈው ይችላል።

አንዳንዷ መስመር ውስጥ ግን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይገኛል። የኦምሌት መስመር «-5 1 -6 1» ይላል። -5 አንድ የተወሰነ ዕቃ ሳይሆን ወገን ነው፤ እንቁላል ይሁን እንጂ የዶሮም ይሁን የዳክዬ ግድ የለም። -6 ወተት ነው፤ የላምም የፍየልም ይሆናል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ባይኖር ኖሮ «የነጭ ዶሮ እንቁላል ኦምሌት»፣ «የዳክዬ እንቁላልና የፍየል ወተት ኦምሌት» እያሉ ለአንድ ቁርስ ብዙ መስመር መጻፍ ያስፈልግ ነበር።

ሁሉም ጌም በዚህ መንገድ አይሄድም። ማይንክራፍት ቅርጽ ይጠይቃል። ሦስት በሦስት የሆነ ሰሌዳ ይሰጣችሁና ዶማ ለመሥራት ከላይ ሦስት ድንጋይ ጎን ለጎን፣ ከመካከሉ ወደ ታች ሁለት ዱላ ትደረድራላችሁ፤ ዶማ የሚመስል ነገር ስትሥሉ ዶማ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዜልዳ ጌም፣ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ፣ ደግሞ ድስት ጥዶ እስከ አምስት ነገር ጨምሩበት ይላል። እዚያ የሚቆጠረው ጠባይ ነው። ብርድ የሚከላከል ቃሪያ ከሌላ ብርድ የሚከላከል ነገር ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ይደመራል፤ ብርድ የሚከላከለውንና ፍጥነት የሚሰጠውን ብትቀላቅሉ ግን ተጣፍተው ባዶ ወጥ ይቀራል። ሥጋ ላይ ጢንዚዛ የጨመረ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ እንዳይታይ ሥዕሉ የተደበዘዘ ምግብ ይወጣለታል። የጌሙ ሠሪዎች የሳቁበት ቦታ ይመስለኛል።

የስታርዲው ዘዴ ከሦስቱ በጣም ደረቁ ነው። ቅርጽ የለ፣ ሙከራ የለ፤ ዝርዝር ብቻ። ታዲያ ለምን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጥበታል?

እኔ የማምነው ይህን ነው። ዝርዝሩ የሚሠራው ዕቃ አይደለም፤ መንገድ ነው። እያንዳንዷ መስመር ተጫዋቹን ወደ አንድ ቦታ የምትልክ ትእዛዝ ናት። ዕቃ መሥራት በራሱ በጌሙ ሰዓት አንዲት ደቂቃ አይወስድም፣ ከተጫዋቹም ጉልበት አንዲት ነጥብ አይቀንስም። ብቻችሁን ስትጫወቱማ ዝርዝሩ ተከፍቶ ሳለ ሰዓቱ ራሱ ይቆማል። ዋጋው ያለው ከጠቅታው በፊትና በኋላ ነው፤ በፊት በመልቀም፣ በኋላ በመጠበቅ።

ሣጥኑ ለምን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ሆነ፣ ዋጋውስ ለምን እንጨት ብቻ ሆነ? ቦርሳው ሲጀመር 12 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ሣጥኑ 36 አለው። እርሻው ደግሞ በዛፍና በግንድ ተሞልቷል። ቦርሳው ይሞላል፣ ሣጥን ያምራችኋል፣ መጥረቢያውን ታነሣላችሁ፣ በዚያው እርሻው ይመነጠራል። ማንም «እርሻህን መንጥር» አላላችሁም።

የወፍ ማስፈራሪያው የበለጠ ተንኮለኛ ነው። 50 እንጨት፣ 20 ቃጫና 1 የድንጋይ ከሰል ይጠይቃል። እንጨቱና ቃጫው ደጃችሁ ላይ አለ። ከሰሉስ? አንድ ብቻ ነው፤ ግን እርሻው ላይ አይበቅልም፤ ዋናው መገኛው የማዕድን ዋሻው ነው። ቁራ ሰብሌን ይበላብኛል ብሎ የሰጋ ሰላማዊ ገበሬ በዚች አንዲት ከሰል ምክንያት ሰይፍ ታጥቆ ዋሻ ይወርዳል። እዚያ ደግሞ መዳብ ያያል። መዳብ በያዘ ማግሥት ጠዋት ቀጥቃጩ ክሊንት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የማቅለጫ ምድጃ አሠራር ይዞለት መጥቷል። ሰውዬው በነጻ ያስተምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ሰንሰለት እስከ የት እንደሚሄድ ለማየት ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል። ወይን የሚጣልበትን በርሜል እንውሰድ። 30 እንጨት፣ 1 የመዳብ ጥፍጥፍ፣ 1 የብረት ጥፍጥፍ፣ 1 የኦክ ዛፍ ሙጫ። አሠራሩን ለማወቅ በግብርና 8ኛ ደረጃ መድረስ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ብዙ ሰብል አጭዳችኋል፣ ብዙ ላም አልባችኋል። አንድ ጥፍጥፍ 5 ማዕድንና 1 ከሰል ይበላል። ብረቱ ከዋሻው 40ኛ ፎቅ በታች ነው። ሙጫው የሚገኘው ኦክ ዛፍ ላይ ሙጫ መቅጃ በማንጠልጠል ነው፤ መቅጃው ራሱ 40 እንጨትና 2 የመዳብ ጥፍጥፍ ይፈልጋል። ምድጃው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት መሠራት አለበት። ደምሩት፦ ለመጀመሪያዋ በርሜል 70 እንጨት፣ 35 የመዳብ ማዕድን፣ 5 የብረት ማዕድን፣ 4 ከሰል፣ 25 ድንጋይ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊለቀም ይችላል። ሙጫው ግን አንድ ሳምንት ያህል ይንጠባጠባል፤ ዛፉን ማቻኮል አይቻልም።

እንግዲህ የበርሜሏ ማነቂያ መዳብም ብረትም አይደለም። ሙጫ ነው። 20 በርሜል የፈለገ ሰው 20 ሙጫ ይፈልጋል፤ ወይ አንድ መቅጃ ይዞ 20 ሳምንት ይጠብቃል፣ ወይ ኦክ ተክሎ በእያንዳንዱ ላይ መቅጃ ይሰቅላል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ገና በመጀመሪያው ጸደይ የኦክ ፍሬ መሬት ውስጥ ሲቀብሩ የምታዩዋቸው ለጥላ አይደለም። ማናቸውንም እንዲህ ያለ ጌም ስትጀምሩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ይፈልጋል?» ሳይሆን «ከሚፈልገው ውስጥ የማይቸኩለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

አሁን ከጠቅታው በኋላ ወዳለው እንሂድ፤ ሒሳቡ የሚጥመው እዚህ ነው።

የጌሙ አሥር ደቂቃ በእኛ ሰዓት 7 ሰከንድ ነው። ቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሄዳል፤ 14 ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። መዳብ ለመቅለጥ የጌሙን 30 ደቂቃ፣ ማለትም የእኛን 21 ሰከንድ ይወስዳል። ብረት 2 ሰዓት፣ ወርቅ 5 ሰዓት። እዚህ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ይቻላል። ወይን ግን ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚደርሰው። ማሽኖቹ እናንተ ስትተኙም ሥራ አያቆሙም። ስለዚህ ሥራ የጨረሰ ሰው በእኩለ ቀን ተኝቶ ነገን ማምጣት ይችላል። ስንፍና በደንብ የሚከፈልበት ሌላ እርሻ አላውቅም።

ፍራፍሬ የሚገባባቸው ሁለት ማሽኖች አሉ። አንዱ የማርማላታ ማሰሮ ነው፤ 50 እንጨት፣ 40 ድንጋይና 8 ከሰል ይፈልጋል፤ አሠራሩም በግብርና 4ኛ ደረጃ ይገኛል። ሁለተኛው ያ በርሜል ነው። ማሰሮው የፍሬውን መነሻ ዋጋ በሁለት አባዝቶ 50 ይጨምርበታል። በርሜሉ በሦስት ያባዛዋል። እንጆሪ መነሻ ዋጋው 120 ወርቅ ነው፤ «ወርቅ» የጌሙ ገንዘብ ነው። ማርማላታው 290፣ ወይኑ 360 ይሸጣል። ቃሪያ 40 ነው፤ ማርማላታው 130፣ ወይኑ 120። አዎ፣ የቃሪያ ወይን። ጌሙ ቃሪያን ከፍራፍሬ ወገን ስለቆጠረው በርሜሉ አይጠይቅም፣ ይጥለዋል። በነገራችን ላይ «የእንጆሪ ወይን» የሚባል ራሱን የቻለ ዕቃ ጌሙ ውስጥ የለም። ያለው አንድ ወይን ብቻ ነው፤ ስሙና ዋጋው ከገባው ፍሬ ይቀዳል። የቃሪያ ወይን የተፈጠረውም ደንቡ በራሱ ስለወለደው እንጂ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስላሰበው አይደለም።

ድንበሩ 50 ወርቅ ላይ ነው። ብሉቤሪ ልክ 50 ስለሆነ በሁለቱም 150 ያወጣል። ከዚያ በታች ያለው ለማሰሮ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለበርሜል። አብዛኛው ሰው ይህን አውቆ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ሰዓቱን ረስተዋል እላለሁ።

ማሰሮው በ3 ቀን ገደማ ይጨርሳል፤ በርሜሉ በ7 ገደማ። እንጆሪውን እንደገና እንየው። ማሰሮው በ120 ላይ 170 ጨመረ፤ ለ3 ቀን ሲካፈል በቀን 57 ገደማ ነው። በርሜሉ 240 ጨመረ፤ ለ7 ሲካፈል 34 ገደማ። ውድ ፍሬስ? ስታር ፍሩት መነሻው 750 ነው። ማርማላታው 1,550፣ ወይኑ 2,250። ማሰሮው 800 ጨምሮ በቀን 267 ያህል ይሰጣል፤ በርሜሉ 1,500 ጨምሮ 214 ያህል። ዋጋውን እንደፈለጋችሁ ብትሰቅሉትም በማሽን ቀን ከተቆጠረ ማሰሮው አይሸነፍም። በፍሬ ከተቆጠረ ደግሞ ከ50 በላይ በርሜሉ አይሸነፍም።

ስለዚህ «ማሰሮ ወይስ በርሜል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ፍሬው ላይ አይደለም፤ ያጠራችሁ ነገር ላይ ነው። ጎተራው ሞልቶ ማሽን ካነሰ ማሰሮ። ማሽኑ ባዶውን ቆሞ ፍሬ ካነሰ በርሜል። የመጀመሪያው ዓመት በጋ ላይ ያለ ተጫዋች ሁልጊዜ የሚያጥረው ማሽን ነው፤ ሙጫ ፍለጋ ሲንከራተት እንጆሪውን በጥሬው ከሚሸጥ ድንጋይና ከሰል ለቅሞ ማሰሮ ቢያበዛ ይሻለዋል። በርሜሉ የባለጠጋ ዕቃ ነው።

ለአትክልት ደንቡ ትንሽ ይለያል። በርሜሉ ጭማቂ ያደርገውና የሚያባዛው በ2.25 ብቻ ነው። ድንች 80 ነው፤ ጭማቂው 180፣ በማሰሮ ሲኮመጠጥ 210። መነሻው ከ200 ያነሰ አትክልት ሁሉ ለማሰሮ ነው፤ መቁጠር አያስፈልግም።

ሁለት ሦስት መስመሮች ግን ከደንቡ ውጭ በተለይ የተጻፉ ናቸው፤ እኛን የሚያስቁንም እነሱ ናቸው። ሆፕስ፣ ማለትም ለፈረንጅ ቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ሐረግ፣ 25 ወርቅ ብቻ ነው፤ በርሜል ሲገባ 300 የሚያወጣ ቢራ ይሆናል። 12 እጥፍ! ማር በርሜል ሲገባ በ10 ሰዓት ጠጅ ይሆናል፤ ያለ ጌሾ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ጥንስስ። ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ይህን ባይሰሙ ይሻላል። ቡናውማ የባሰ ነው፦ አምስት የቡና ፍሬ ያው ወይን የሚጣልበት በርሜል ውስጥ ይጣላል፤ ሳይታጠብ፣ ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ፣ በ2 ሰዓት አንድ ስኒ ይወጣል። የጠጣው ሰው እግሩ ይፈጥናል፤ እሱን እንኳ አልተሳሳቱም።

ሌላው ብዙ ገንዘብ የሚያፈስሰው የጥራት ነገር ነው። ሰብል ሲታጨድ የብር፣ የወርቅ ወይም ከዚያ በላይ ያለ የሐምራዊ ኮከብ ሊኖረው ይችላል። የብር ዋጋው በ1.25፣ የወርቅ በ1.5፣ የሐምራዊው በ2 ይባዛል። በርሜሉና ማሰሮው ግን ኮከብ አያዩም፤ የሚያባዙት መነሻውን ዋጋ ብቻ ነው። ባለ ወርቅ ኮከቧን እንጆሪ በርሜል ብትከቱ ኮከቧ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ መጀመሪያ ኮከብ የሌለው ይግባ፤ ባለ ኮከቡ ለሽያጭ፣ ለስጦታ ወይም ማሽን ሲተርፍ። ወተትና እንቁላል ላይ ሌላ ነው፤ ትልቁ ወተት ባለ ወርቅ ኮከብ አይብ፣ ትልቁ እንቁላል ባለ ወርቅ ኮከብ ማዮኔዝ ይሰጣል።

ምግብ ማብሰልም በዚያው የመስመር ዘዴ ነው የሚሄደው፤ ግን ኩሽና ያስፈልጋል። ቤቱን ለማስፋት አናጢዋ ሮቢን 10,000 ወርቅና 450 እንጨት ትጠይቃለች። አሠራሩን ከየት ያገኙታል? እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን ከሚቀርበው የምግብ ፕሮግራም (ረቡዕ ድጋሚ አለው)፣ ወይም ከወዳጃችሁ መንደርተኛ በፖስታ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህን ያሰበ ሰው በእውነት ወጥ ሠርቶ ያውቃል።

እዚህ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኦምሌት 125 ወርቅ ይሸጣል። ወተቱ ብቻውን 125 ነው፤ እንቁላሉ 50። አብስላችሁ 50 ከሰራችሁ! ያንኑ እንቁላል ማዮኔዝ ብታደርጉት 190፣ ወተቱን አይብ ብታደርጉት 230 ነበር። ስሕተት እንዳይመስላችሁ። ምግብ እዚህ ጌም ውስጥ ለገበያ አልተሠራም፤ ለሚበላው ነው። ጉልበት ይመልሳል፣ አንዳንዱ ዓሣ ማጥመድን ያቀላል፣ አንዳንዱ ዋሻ ውስጥ ዕድል ይጨምራል። ሠሪው ማሽኖቹን ለገንዘብ፣ ኩሽናውን ለሆድና ለወዳጅነት ለይቶ አስቀመጣቸው። ምግብም እንደ ወይን አትራፊ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቹ ቁርሱን ሁሉ ሸጦ በባዶ ሆዱ ዋሻ ይወርድ ነበር፤ ወይ ደግሞ በርሜል የሚሠራ ሰው አይገኝም ነበር።

የሰንሰለቱ ጫፍ ከቤቱ ሥር ያለው የወይን ጓዳ ነው። እሱን ለማስቆፈር 100,000 ወርቅ ይከፈላል። እዚያ የሚቀመጡት የማቆያ በርሜሎች የደረሰውን ወይን ተቀብለው ያቆዩታል፦ በ14 ቀን የብር ኮከብ፣ በ28 የወርቅ፣ በ56 ቀን የሐምራዊ። የመጨረሻው ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። የጌሙ ወቅት 28 ቀን፣ ዓመቱም 112 ቀን ስለሆነ 56 ቀን ማለት ግማሽ ዓመት ነው። የስታር ፍሩት ወይን ከ2,250 ወደ 4,500 ይወጣል።

ያዋጣል ወይ? ጓዳው ውስጥ ያለው የማቆያ በርሜል ከማቆየት ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ባዶ ከሚቆም ቢሞላ ይሻላል። ግን የምትከቱት በጣም ውዱን ብቻ ይሁን፤ እጥፍ የሚሆነው ዋጋው እንጂ ብዛቱ አይደለምና፣ የቃሪያ ወይን ግማሽ ዓመት ጠብቃችሁ የምታገኙት ጭማሪ 120 ወርቅ ነው። በመሐል ገንዘብ ከቸገራችሁም መውጫ አለ፤ በርሜሉን በመሣሪያ አንዴ ብትመቱት ወይኑ በደረሰበት ኮከብ ይወጣላችኋል። በ28ኛው ቀን ባለ ወርቅ ኮከብ አውጥቶ አዲስ መክተትን የሚመርጡ አሉ፤ የወርቁ ኮከብ በ28 ቀን ግማሽ ይጨምራል፣ የሐምራዊው በ56 ቀን አንድ ሙሉ። በቀን ሲካፈል ሁለቱ ያው ናቸው፤ ወይን ከተረፋችሁ ቶሎ ቶሎ ማውጣቱ ጥሬ ገንዘቡን ቀድሞ ይሰጣችኋል፣ ወይን ካነሳችሁ ግን እስከ መጨረሻው ተዉት።